ጎረምሳ ፈረስ ላይ ደንገላሳ ስትማሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሉልታ ሜዳ ላይ የምለማመድበት ፈረስ ዳማ ነው፤ ገና 4 ዓመቱ። በእርምጃ ሲሄድ በግ ነው። ሶምሶማውም አያስቸግርም። ደንገላሳ፣ ማለትም ከሶምሶማ የፈጠነውን ከሽምጥ ግን የዘገየውን ሩጫ፣ ሲጀምር ግን ጀርባው ከስሬ ይነሳና ከነኮርቻው ሽቅብ ያወጣኛል። መጀመሪያ ሰሞን አቅሉን የሳተ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የኋላ እግሮቹ ጉልበታም ናቸው፣ ሚዛኑ ግን ገና አልመጣም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዛብ ላይ መንጠልጠል

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ፈረሱ ሲፈጥን ዛቡን፣ ከልጓሙ ወደ እጃችን የሚመጣውን ጠፍር፣ እንስባለን። እሱም መልሶ ይስባል። ጎረምሳ ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው በራሱና በአንገቱ ነው። አጥብቃችሁ ከያዛችሁት እጃችሁን ምርኩዝ ያደርገዋል። የተደገፈ ፈረስ ደግሞ ክብደቱን ወደ ፊት ይጥላል፣ ይብሱን ይፈጥናል። ጉልበት ለጉልበት ከገጠማችሁት ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው።

መፍትሔው ያዝ ለቀቅ ነው። በአንዱ ዝላይ (አራቱም እግሮች አንዴ ተራ በተራ አርፈው እስኪነሱ ማለት ነው) ትይዛላችሁ፣ በሚቀጥለው ትለቃላችሁ። እጃችሁ አልታዘዝ ካለ አንገቱ ላይ ጠፍር እሰሩና ጣታችሁን እሱ ውስጥ አስገቡ። እኔን የሚያስተምሩኝ አዛውንት ፈረስ ገሪ አንድ ቀን «ልጄ፣ ዛቡን ተወው! ጋማውን ያዝ!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ፍጥነት ላይ ዛብ ተው ማለት ውደቅ ማለት መሰለኝ። ግን ጋሼን አምኜ ጋማውን ያዝኩ። አራት አምስት ዝላይ እንደሄደ አንገቱ ዝቅ አለ፣ ጆሮዎቹ ላላ አሉ። ፍጥነቱ በራሱ ጊዜ ቀነሰ።

ደግሞ አፉን አስቡለት። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። በቅርቡ ገብስ ከሚበላበት ባልዲ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥርስ አገኘሁ። ከዚያ በፊት ለሳምንት ያህል ልጓም ሲገባለት ራሱን ይነቀንቅ ነበር። አመል ያወጣ መስሎን ነበር። ለካ አፉን አሞት ነው።

ወደ ፊት ማጎንበስና በጉልበት መቆንጠጥ

ስንፈራ ሰውነታችን ይኮማተራል። ትከሻችን ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጉልበታችን ኮርቻውን ይጨምቃል፣ ተረከዛችን ይነሳል። ለፈረሱ ይህ ሁሉ «ቶሎ በል» ማለት ነው። ዓይናችሁን ከጋማው ላይ አንሱና ሩቅ እዩ። ክብደታችሁ በተረከዛችሁ በኩል ወደ እርካቡ ይውረድ። ጀርባውን ለማቅለል ከኮርቻው ትንሽ ከፍ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ያ ጥሩ ነው፣ ክብደቱ እርካቡ ላይ እስካረፈ ድረስ። አንገቱ ላይ መተኛት ነው ችግሩ።

መተንፈስም አትርሱ። ፈረስ በደንገላሳ ሲሮጥ በእያንዳንዱ ዝላይ አንዴ ይተነፍሳል። እናንተም ከእሱ ጋር ድምፅ አውጥታችሁ ተንፍሱ። ወገባችሁ ሲላላ ይሰማችኋል።

ሶምሶማውን አፍጥኖ ደንገላሳ ውስጥ መውደቅ

ወደ ግራ በሚዞር ክብ ላይ ትክክለኛው ደንገላሳ የሚነሳው ከቀኝ የኋላ እግር ነው። ቀጥሎ ግራው የኋላና ቀኙ የፊት እግር አብረው ያርፋሉ፣ በመጨረሻ ግራው የፊት እግር። ከዚያ አራቱም እግሮች አየር ላይ የሚሆኑባት ቅጽበት አለች። ሶምሶማው በተጣደፈ ቁጥር ፈረሱ ያንን የኋላ እግሩን ከሥሩ ማስገባት አይችልም፤ ተደነቃቅፎ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ሶምሶማውን አብርዱት። እኔ ዳማው ዝግ ብሎ ካልተረጋጋልኝ አልጠይቀውም፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ዙር ሙሉ እጠብቃለሁ።

ጠባብ ክብ ላይ ማዞር

«ካዞርኩት ይቆማል» የሚል ሐሳብ አለ። ትልቅ ዝላይ ያለው ጎረምሳ ፈረስ ጠባብ ክብ ላይ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል፤ ይዟችሁ ሊወድቅ ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሜትር የሚሆን ክብ ስጡት።

ማብዛት

ልጅ ነው። የጀርባ አጥንቱ ማደጉን የሚጨርሰው ከ5 እስከ 6 ዓመቱ አካባቢ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ጥሩ ዝላይ ካገኛችሁ ወደ እርምጃ መልሱት፣ አንገቱን ዳበስ አድርጉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁት። «አንድ ዙር ብቻ» እያልን የምንጨምራት ዙር ናት ብዙ ጊዜ የምታበላሸው፤ ደክሞት ዛብ ላይ ይደገፋል፣ እኛም እንስባለን።

ገና ሳይበስሉ ሜዳ መውጣት

እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው በሽምጥ መጋለብ ያምረዋል። እኔንም ያምረኛል። ግን እነዚያ ፈረሰኞች ከፈረስ ጋር ያደጉ ናቸው። ጎረምሳ ፈረስ ሌሎች ፈረሶች ሲሮጡ ካየ ጋላቢውን ይረሳል። መጀመሪያ በታጠረ ቦታ፣ ብቻውን።

ለሁለታችሁም የመጀመሪያ ማድረግ

ደንገላሳ ምን እንደሆነ ሰውነታችሁ ሳያውቀው ምንም ከማያውቅ ፈረስ ጋር አትማሩት። እኔ ወራት የፈጀሁት አንዲት አሮጊት ባዝራ ላይ ነው፤ ጋሼ በረጅም ገመድ ይዘው ያዞሯታል፣ እኔ ያለ ዛብ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ዳማው ላይ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ዳማው ከብዶኝ ሲያድር በማግስቱ ወደ ባዝራዋ እመለሳለሁ።