ለመኖር ወደ ሌላ አገር ስታስቡ የትኛው ቪዛ እንደሚሆናችሁ እንዴት ትለያላችሁ

መጀመሪያ ቪዛ የተከለከልኩት በገዛ ፎልደሬ ነው። የጉብኝት ቪዛ ነበር የጠየቅኩት፣ "ለሁለት ሳምንት ነው" ብያለሁ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ የሆቴል ቡኪንግ አምጣ ስትለኝ ተጣድፌ ፎልደሩን እንዳለ በመስኮቱ ሥር አሳለፍኩላት፣ ውስጡ ደግሞ ሲቪ፣ ኦርጅናል ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕትና ሦስት የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ። ገለጥ ገለጥ አደረገችና "ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ትራንስክሪፕት ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ። ምን ልበላት? እውነቱ ገብቼ ሥራ ፈልጌ ልቀር ነበር ያሰብኩት፣ የጉብኝት ቪዛ የመረጥኩትም ፎርሙ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው። ያቺ ክልከላ እስከዛሬ ፎርም በሞላሁ ቁጥር ትመጣብኛለች፣ ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

1. ለምን እንደምትሄዱ በአንድ መስመር ጻፉ

"ሕይወቴን ለመቀየር" አይሰራም፣ እንደዛ የሚባል ቪዛ የለም። ቤተሰብ ጋ መቀላቀል፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ኢንቨስትመንት፣ ጥገኝነት፣ በአብዛኛው ከነዚህ አንዱ ነው። ዲቪ የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ዲቪን እንደ ዕድል እንጂ እንደ ፕላን አላየውም። የሚመረጠው ሰው ከሚሰጠው ቪዛ ስለሚበልጥ ደርሶህም ልትቀር ትችላለህ፣ የዓመቱ ቪዛ ደግሞ በሴፕቴምበር 30 ይዘጋል፣ ፕሮሰሳችሁ እስከዛ ካላለቀ አለቀ።

2. ቪዛን ከመኖሪያ ፈቃድ ለዩ

ቪዛ በሩን ያስገባል፣ ውስጥ የሚያኖረው ፈቃዱ ነው። በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) የአጭር ጊዜ ቪዛ ይዛችሁ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው መቆየት የምትችሉት፣ ለብዙ ዓመት የተመታ ቪዛ ቢሆንም ያው ነው። ለመኖር የምትሄዱ ከሆነ ብሔራዊ ወይም ዲ የሚባለውን ነው የምትጠይቁት።

3. ቪዛው ከገባችሁ በኋላ ወዴት እንደሚያሻግር እዩ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ጭምር። ሁለት ነገር ነው የምታጣሩት።

አንደኛው ውስጥ ሆኖ መቀየር ይቻላል ወይ ነው። "አንዴ ግባ እንጂ እዛ ይስተካከላል" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ዩኬ በጉብኝት ገብቶ ወደ ሥራ ቪዛ መቀየር አይቻልም፣ ወጥቶ ከውጭ ማመልከት ግድ ነው። ጀርመንም በሸንገን ቪዛ የገባ ሰው በመርህ ደረጃ ተመልሶ ትክክለኛውን ቪዛ ይዞ መምጣት አለበት። ተማሪ ግን ሌላ ነው፣ ጀርመን ተምሮ የጨረሰ ሰው ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጠዋል፣ ሥራ ካገኘ እዛው ፈቃዱን ይቀይራል። ስለዚህ ፎርሙ ሦስት እጥፍ ቢረዝምም፣ ወጪው ቢበዛም፣ የትምህርቱ መንገድ የሚያደርስ ከሆነ አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

ሁለተኛው ቪዛው ስለ ሐሳባችሁ ምን ይገምታል የሚለው ነው፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። የአሜሪካ ሕግ የጉብኝት ወይም የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅን ሰው "ሊቀር ነው" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እንደምትመለሱ ማሳመን የናንተ ፋንታ ነው። ተማሪ ሆኖ "ስጨርስ እዛው ሥራ እይዛለሁ" ብሎ በደስታ የሚመልስ ልጅ በገዛ አፉ ነው ፋይሉን የሚዘጋው። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ግን ከዚህ ግምት ነፃ ነው፣ ግሪን ካርድ እያሰባችሁ ብትጠይቁ ችግር የለውም። የካናዳ ሕግ ደግሞ ቋሚ ነዋሪ የመሆን ሐሳብ ቢኖርህም ጊዜህ ሲያልቅ እንደምትወጣ ካሳመንክ በጊዜያዊ ቪዛ መግባት ትችላለህ ይላል። አያችሁ፣ ያው አንድ መልስ አንዱ ጋ ያስከለክላል ሌላው ጋ ምንም አይልም። ዋሹ እያልኩ አይደለም። እውነተኛ ሐሳባችሁ መቅረት ከሆነ ያንን ሐሳብ የሚቀበል ቪዛ ፈልጉ ነው የምለው፣ እኔ ትራንስክሪፕቴን ለጎብኚ መስኮት ነው የሰጠሁት።

4. በየመንገዱ ያለችውን ማነቆ እወቁ

ቤተሰብ፦ ዘመድ ሁሉ እኩል አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች ያላገባ ልጅ፣ ወላጅም (ዜጋው ልጅ 21 ከሞላው) የቁጥር ገደብ የለባቸውም። ወንድምና እህት ግን ሰልፍ ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠበቅበት ሰልፍ። "ወንድሜ አሜሪካ አለ" ብቻውን ፕላን አይሆንም።

ሥራ፦ ዩኬ የስፖንሰርነት ላይሰንስ (ከውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ከመንግሥት የሚሰጥ ፈቃድ) ያለው ቀጣሪ ካልሆነ ሌላው ቀጣሪ ቢወዳችሁም ሊያመጣችሁ አይችልም፣ ላይሰንስ ያላቸው ዝርዝር የመንግሥት ዌብሳይት ላይ በነፃ አለ፣ ለማንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን እዛ ፈልጉት። የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ በዓመት 65 ሺህ ቪዛ ነው፣ አሜሪካ ማስተርስና ከዛ በላይ ለተማሩ ሌላ 20 ሺህ አለ፣ ፈላጊው ስለሚበዛ ምርጫ ውስጥ ነው የሚገባው። ቀጣሪ የሌለው ሰው ለአመልካች ነጥብ እየሰጡ ወደሚመርጡት አገሮች ማየት ነው ያለበት። የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ (ባለሙያዎች ለቋሚ ነዋሪነት የሚያመለክቱበት) ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ቋንቋና ልምድ ይደምራል፣ የዕድሜ ነጥቡ ከ20 እስከ 29 ሙሉ ነው፣ ከ30 ጀምሮ በየልደታችሁ ይቀንሳል፣ ስለዚህ "ትንሽ ልምድ ልጨምርና" እያላችሁ አትቀመጡ። ጀርመን ከጁን 2024 ጀምሮ ቻንሰንካርተ የሚባል አላት፣ እዛው ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ሥራ መፈለጊያ ነው፣ እየፈለጋችሁ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል።

ትምህርት፦ ቤተሰብ ይዤ እሄዳለሁ የምትሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዩኬ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለሚጀምሩ፣ ፒኤችዲና የምርምር ማስተርስ ካልሆነ በቀር፣ ተማሪ ሚስትና ልጅ ማምጣቱን በአብዛኛው ከልክላለች። አድሚሽኑን ከከፈሉ በኋላ ይሄን የሰሙ ሰዎች አውቃለሁ።

5. ወረቀት

ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ነገር ብቻ። ገንዘቡ አካውንት ውስጥ መኖሩ አይበቃም፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይታያል፣ ለምሳሌ የዩኬ ተማሪ ቪዛ ለ28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል እንዲቀመጥ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ጎደል ካለ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። ከተበደራችሁት ሰው ጋ የምትመልሱበትን ቀን ስትስማሙ ይሄን አስቡ። የአይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ፈተናው) ውጤት ደግሞ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜው፣ የት እንደምታመለክቱ ሳታውቁ ተሯሩጣችሁ አትፈተኑ።

6. "ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ?"

ያቺ ክልከላ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የምትመጣው። ሁለተኛ ጊዜ በሌላ አገር ሳመለክት ፎርሙን አንድ ኤጀንት ነበር የሚሞላልኝ፣ እዛ ጥያቄ ላይ ሲደርስ "የለም በል፣ ሌላ አገር ነው፣ በምን ያውቃሉ" አለኝ። እውነቴን ነው፣ እሺ ብዬው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ፎርሙን እንደገና ሳነበው መጨረሻው ላይ ያለው ፊርማ የኔ እንጂ የሱ እንዳልሆነ ገባኝና በማግስቱ "አዎ" አስባልኩት። ከነዚህ አገሮች ብዙዎቹ መረጃ ይለዋወጣሉ፣ ካናዳ ብቻዋን እንዲህ ላለ ውሸት 5 ዓመት ታግዳለች፣ የዋሸው ኤጀንት ነው ማለት አያድንም። መከልከል በራሱ ግን አይገድልም። መቼ፣ የት፣ ለምን እንደተከለከልኩ አሁን ምን እንደተለወጠ በአራት መስመር ጽፌ አያያዝኩት፣ ቪዛውም ተመታልኝ።

ለኤጀንት መክፈል አይከፋም፣ እኔም ከፍያለሁ፣ ግን የማመልከቻው አካውንት ኢሜይሉና ፓስዎርዱ እናንተ እጅ ይሁን። ፋይላችሁን አላሳይም የሚል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

7. ፓስፖርቱ ሲመለስ

ፎቶ አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ስቲከሩን እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስም ፊደል በፊደል፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የመግቢያ ብዛት፣ ከመቼ እስከ መቼ። ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜና የመቆያ ቀን ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው፣ ቪዛው ስድስት ወር ብሎ ቆይታው 30 ቀን ሊል ይችላል። ስህተት ካለ ያኔውኑ ነው የሚስተካከለው፣ ኤርፖርት ላይ ማንም አያስተካክልላችሁም። ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ የምዝገባ ቀን ይኖራል፣ ጀርመን ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ቀጠሮው ቶሎ ስለማይገኝ ቤቱን እንዳገኛችሁ ቀጠሮውን ያዙ።