በጉልት ለሚጀምሩ፦ ዋጋ እንዴት ይቆረጣል? ከሚከራከር ደንበኛ ጋርስ እንዴት ይግባባሉ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እቸረችራለሁ። ለጀማሪ ሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው፦ ደንበኛው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይል በፊት የማይወርዱበትን ዋጋ ይወቁ።

ለዚህ የጆንያውን መግዣ በኪሎው ማካፈል አይበቃም። እኔ መጀመሪያ ከኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ 50 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ኪሎውን በ60 ብር ገዛሁ። በ70 ስሸጥ በየኪሎው አሥር ብር የማተርፍ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ጆንያው አለቀና ገንዘቡን ብቆጥረው 3,150 ብር ነው። ያወጣሁት ደግሞ ለሽንኩርቱ 3,000፣ ለተሸካሚና ለመኪና 200 ነበር። አራት ቀን ፀሐይ ላይ ውዬ 50 ብር ከሰርኩ። ከጆንያው ሥር የበሰበሰ ነበረበት፤ ደህናውም እየደረቀ ክብደቱ ቀነሰ፣ ልጣጩ ረገፈ። ለሚዛን የበቃው 45 ኪሎ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወጪውን በሙሉ ይደምሩና በገዙት ኪሎ ሳይሆን በሚሸጡት ኪሎ ያካፍሉ። 3,200 ለ45 ሲካፈል 71 ብር ከሳንቲም ይመጣል፤ የማይወርዱበት መነሻ ዋጋ ይህ ነው፤ ትርፍ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ለቲማቲም ብልሽቱን ከፍ አድርገው ያስቡ። ሲገዙም እጅዎን እስከ ጆንያው ሥር ያስገቡ፤ አንገቱ የለሰለሰ ሽንኩርት ብዙ አይቆይም።

ትርፉን ሲጨምሩ ጎረቤት ሻጮች ስንት እንደሚሉ ይጠይቁ።

አሁን ክርክሩ። መቶ ጠርቶ በሰማንያ መስማማትን እንደ ብልሃት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልወደውም። አላፊ አግዳሚ በሚበዛበት ገበያ ያዋጣ ይሆናል። እዚህ ግን የሚገዙኝ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ ቀን ለአንዷ በ80፣ ለሌላዋ በ85 ሸጥኩ። ማታ ተነጋገሩ፤ ሁለተኛዋ ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ቆማ አታውቅም።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዋጋ ይጥሩ፤ ቅናሽ ለሚያደርጉለትም ብዛት ይወስኑለት፣ ለምሳሌ ከአምስት ኪሎ በላይ። «እህቴ፣ እስቲ ቀንሺልኝ» ብላ ለምትለምን ደንበኛ ዋጋውን ሳይነኩ ይመርቁላት። ሚዛኑ ልክ ሲሆን፣ ዓይኗ እያየ፣ አንድ ፍሬ ከላይ ያድርጉላት። ፍሬው 80 ግራም ቢመዝን ለእርስዎ ስድስት ብር አይሞላም። ከኪሎው አምስት ብር ቢቀንሱላት ግን ሦስት ኪሎ ስትገዛ አሥራ አምስት ብር ያጣሉ፤ ነገም በዚያው ዋጋ ልትጠይቅዎት ትመጣለች።

የቀነሱትን ከሚዛን ለማካካስ ፈጽሞ አይሞክሩ። ሚዛኑን ፊቱን ወደ ገዢ አዙረው ያስቀምጡት። ኪሎ ለመግዛት ገንዘብ ለሚያንሳቸው እናቶች ትናንሾቹን ሽንኩርቶች ለይተው በመደብ ይደርድሩ፤ ያለ ክርክር ያነሷቸዋል።

ከመነሻው ዋጋ በታች የምሸጠው ሲመሽ የለሰለሰ ቲማቲም ብቻ ነው፤ ቢያድር ይጣላልና። እሱንም ከደህናው ጋር አልቀላቅለውም፤ በሌላ ሳህን አድርጌ «ይህ ለዛሬ ወጥ የሚሆን ነው» ብዬ ነግሬ እሸጠዋለሁ።