የመኪና ኤሲ ሙቅ አየር ሲነፋ፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ጎንደር ላይ የኤሲ ብልሽት ቶሎ አይታወቅም፤ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። የሚታወቀው አይከልን አልፎ ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ሲወረድ ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው «ጋዙ አልቋል፣ ሙላልኝ» ይላል። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር ስለሆነ ከጎደለ የሆነ ቦታ አፍስሷል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ በየዓመቱ መሙላት ጥገና አይባልም።

መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ጨርሱ። ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲውን መጨረሻ ቅዝቃዜ ላይ አድርጉና ኮፈኑን ክፈቱ። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር በቺንጊያ የሚዞር ፑሊ አለው፣ እሱ ሁልጊዜ ይዞራል፤ ኤሲው ሲበራ ግን «ቀጭ» ብሎ ፊት ለፊቱ ያለው ሳህንም አብሮት መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ የኤሲውን ሪሌይ ተመሳሳይ ከሆነ የክላክስ ሪሌይ ጋር ቀያይራችሁ ሞክሩ። ጋዝ በጣም ሲጎድልም ሳህኑ አይዞርም፤ የግፊት ሴንሰሩ ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ያጠፋዋል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ይህ ሳህን የላቸውም፣ እነሱ ላይ ይህ ምርመራ አይሠራም።

መኪናው ሲሄድ የሚቀዘቅዝ፣ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ጥፋቱ የፋኑ ወይም የኮንዴንሰሩ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንዴንሰር አቧራና ገለባ ሲደፍነው ሙቀት አያስወጣም። በቀስታ በሚፈስ ውኃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠቡት። የላቫጆ ኃይለኛ ውኃ ቀጫጭን ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋልና አታስጠጉት።

አሁን ከኮምፕሬሰሩ ወደ ጋቢናው ግድግዳ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ፣ ከቺንጊያውና ከፋኑ ራቅ ብላችሁ፣ በእጃችሁ ያዙት። ቀዝቅዞ ላብ ካወጣና ውስጥ የሚነፋው አየር ግን ሙቅ ከሆነ ጋዙን አትንኩ። ችግሩ ከክሩስኮቱ ሥር ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የሚያቀላቅለው በር ነው።

ቱቦው ካልቀዘቀዘ የግፊት መለኪያ ጌጅ ግጠሙ፤ ሰማያዊው ለዝቅተኛው፣ ቀዩ ለከፍተኛው ግፊት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በ25 ዲግሪ አየር፣ አር-134ኤ በሚባለው የመኪና ኤሲ ጋዝ የሚሠራ ሲስተም ጎንደር ላይ በሁለቱም በኩል 85 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል። 30 ወይም 40 ካሳየ ጋዙ ወጥቷል። 85 ማሳየቱ ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱ አይቀንስም። ሞተሩ እየሠራ ሁለቱም ጌጆች እኩል ቆመው ከቀሩ ኮምፕሬሰሩ አይገፋም።

ፍሳሽ ስትፈልጉ ዘይት የነካውን አቧራ ተከተሉ። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ቅባት ያለው ቆሻሻ ይለጠፋል። የሳሙና አረፋ ቀቡት። የመሙያዎቹን ቫልቮችም አትርሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። የተፈታ መገጣጠሚያ የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) ሁሉ በአዲስ ይቀየር፣ ዘይት ተቀብቶ ይግባ። ሲስተሙ ተከፍቶ ከቆየ እርጥበት የሚመጥጠው ድራየርም ይቀየራል።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ቫኪዩም ላይ፣ ማለትም ጋዝ ከመሙላት በፊት መስመሩን በፓምፕ ስቦ ባዶ ማድረግ ላይ ነው። መመሪያዎች «29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ» ይላሉ፤ ያ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 23 ኢንች አካባቢ ነው፣ ጥሩ ፓምፕም ቢሆን መርፌውን ከዚያ አያሳልፈውም። 29 ካልመጣ ብላችሁ ፓምፑን አትውቀሱ። በሌላ በኩል 20 ላይ ቆሞ «ይበቃል» ማለትም ስህተት ነው። የቫኪዩም ዋና ሥራ መስመሩ ውስጥ የቀረውን እርጥበት አፍልቶ ማውጣት ነው፤ 20 ላይ ውኃ የሚፈላው 46 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ውስጡ ይቀራል። የቀረው ውኃ በመስፋፊያው ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ኤሲውም ለጥቂት ጊዜ ቀዝቅዞ መልሶ ይሞቃል። ስለዚህ መርፌው 23 አካባቢ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ፓምፑ ይሥራ። ከዚያ ቫልቮቹን ዘግታችሁ ፓምፑን አጥፉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ትንሽ ተመልሶ ከቆመ እርጥበት አለ፣ እንደገና ሳቡ። ሳያቋርጥ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ፍሳሹ አልተዘጋም።

ሙሌቱ በሚዛን ይሁን። ትክክለኛው መጠን በግራም ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። በጌጅ ብቻ መሙላት ግምት ነው፣ ከልክ ያለፈ ጋዝም ማቀዝቀዝ ይቀንሳል። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ጋዙ ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል። ሞተሩ እየሠራ በሰማያዊው በኩል ብቻ፣ ጣሳውን ቀጥ አድርጋችሁ ሙሉ። ከተገለበጠ ፈሳሹ ኮምፕሬሰሩን ይሰብራል። ቀዩን ቫልቭ ከከፈታችሁ ግፊቱ ወደ ጣሳው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። የአንዳንድ ፍሪጆች ጋዝ የሆነው አር-600ኤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በርካሽ ቢገኝም መኪና ውስጥ አይገባም።

ሲያልቅ የመሙያዎቹን ክዳን መልሳችሁ አጥብቁ። ከዚያ በኋላ ክረምትም ቢሆን በሳምንት 10 ደቂቃ ኤሲውን አብሩት። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ላይ ያለው ጎማ ዘይት ካላገኘ ደርቆ ያፈሳል፤ ኤሲውን ማብራት የፊት መስታወቱን ጉምም ያነሳላችኋል።