ለትንንሽ አደን የሚሆን የአየር ጠመንጃ ካሊበር እንዴት እንደሚመረጥ

የአየር ጠመንጃ ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይበልጥ ይገድላል?» ብሎ ነው። እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ስለ ነበር ትልቁን ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዙ ቀዳዳ ሰፊ የሆነውን ገዛሁ፤ ስሕተቴንም ዘግይቼ ተረዳሁ። መጠየቅ የነበረብኝ ጠመንጃው ባለው ጉልበት ምን ያህል ክብደት ያለው ጥይት በበቂ ፍጥነት ሊወረውር እንደሚችል ነበር።

ከግዢው በፊት የፈቃዱ ጉዳይ ይለቅ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እና የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ በሥራ ላይ ስለሆኑ፣ «የአየር ነው እንጂ የባሩድ አይደለም» ብሎ ከመገመት ይልቅ የሚመለከተውን የመንግሥት ክፍል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠመንጃ ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም። በጀማ ሸለቆም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ የቆቅ ዝርያ ስለሚኖር፣ ቆቅን ከቆቅ ለይቶ የማያውቅ ሰው እዚያ አካባቢ ባይተኩስ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታደነው ይወሰን። ሽኮኮና ጥንቸል በአገራችን ክርስቲያን ዘንድ ስለማይበሉ እዚህ የምናገረው ስለ ዋኔ፣ ስለ ቆቅና ስለ ጅግራ ነው። ጅግራ ከአንድ ኪሎ በላይ የምትመዝን፣ ላባዋ ወፍራም የሆነ ወፍ ስትሆን ቆቅ ግን ግማሽ ኪሎ ገደማ ናት። ሳይታረድ የሞተ ስለማይበላ ደግሞ አዳኙ ቢላዋውን ይዞ መሮጡ ግድ ነው፤ በመሆኑም ወፏ በተመታችበት ቦታ መውደቋ ለእኛ ከሌላው አዳኝ የበለጠ ዋጋ አለው።

በገበያ በብዛት የሚገኙት ካሊበሮች 4.5፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊሜትር ናቸው። 5 ሚሊሜትርም አለ፤ ጥይቱን ፈልጎ ማግኘት ግን አድካሚ ነው። የ5.5ቱ ቀዳዳ በስፋት ከ4.5ቱ በግማሽ ያህል ይበልጣል፤ የ6.35ቱ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። እኔን ያሳሳተኝ ይህ ስሌት ነበር።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ ይነበብ። ጠመንጃው ለጥይቱ የሚሰጠው ጉልበት የተወሰነ ነው። በሞላ የሚሠራ አንድ ደኅና ጠመንጃ 16 ጁል ያህል ይሰጣል እንበል፤ በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያዝ የሚችለው የአየር ጠመንጃ ጣሪያም ይኸው መጠን ነው። በዚህ ጉልበት ግማሽ ግራም ያህል የሚመዝነው የ4.5 ጥይት በሴኮንድ 240 ሜትር ገደማ፣ አንድ ግራም የሚመዝነው የ5.5 ጥይት 180 ሜትር ገደማ፣ አንድ ግራም ከሲሶ የሚሆነው የ6.35 ጥይት ደግሞ 155 ሜትር ገደማ ይዞ ይወጣል። ጥይቶቹ 30 ሜትር ሲደርሱም ከአፈሙዙ ቀጥተኛ መስመር በታች እንደ ቅደም ተከተላቸው ወደ 9፣ ወደ 16 እና ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ወርደው ይገኛሉ። ማነጣጠሪያው ለዚህ ሊስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን ቆቅ ርቀቷን ለክታ አትቆምም፤ ርቀቱን በአምስት ሜትር ያሳሳተ ተኳሽም በቀላሉና ፈጣኑ ጥይት ይቅርታ ሲያገኝ በከባዱና በዘገምተኛው ይስታል፤ ወይም ከመሳት የከፋውን ይሠራል።

እኔ የከፋውን ሠርቻለሁ። ሻጩ «ይህ ዝሆን ይጥላል» እያለ የሸጠልኝ 6.35 በሞላ የሚሠራና ጉልበቱ ደካማ ነበር። ከሸዋ ሮቢት በላይ ካለ ገደል አፋፍ ላይ ጅግራ አየሁ፤ 30 ሜትር ገምቼ ተኮስሁ፤ ርቀቱ ግን ከዚያ ይበልጥ ነበርና ጥይቱ ዝቅ ብሎ ክንፏን ሰበረው። ወደ ቁጥቋጦው ገባች፤ እስኪመሽ ብፈልግም አላገኘኋትም። «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚባለው ተረት እንኳ ከዚያ ይሻላል፤ የሳተ ምዝግዝግ ወፏን ሰብሮ አይተዋትምና።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በሞላ ለሚሠራና ጉልበቱ 16 ጁል አካባቢ ለሆነ ጠመንጃ 5.5 ይመረጥ። ጉልበቱ ከዚያ በጣም ያነሰ ከሆነ 4.5 ይሁንና ለጎተራ አይጥና ለዋኔ ብቻ ያገልግል። 6.35 የሚገባው የታመቀ አየር በጋን ለሚይዝና 40 ጁልና ከዚያ በላይ ለሚሰጥ ጠመንጃ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት አይታመን፤ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ማንም ለአደን በማይጠቀምበት በጣም ቀላል ጥይት ነውና። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ለደጋ አልመክርም። የጋዙ ግፊት በ20 ዲግሪ 57 ባር ያህል ሲሆን በዜሮ ዲግሪ ወደ 35 ባር ይወርዳል፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሰው የቀረውን አይጠይቅም።

ከተገዛ በኋላ ጠመንጃውን መፈተን ያስፈልጋል። አፈር ካለው ተረተር ፊት ካርቶን አቁሞ፣ ከኋላው እረኛ አለመኖሩን አረጋግጦ፣ ከ15 ሜትር ጀምሮ በየአምስት ሜትሩ እየራቁ አምስት አምስት ጥይት መተኮስ ነው። አምስቱም ከአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ሳይወጡ የሚያርፉበት የመጨረሻው ርቀት የአደኑ ወሰን ነው፤ የእኔ በ5.5 ከ25 ሜትር አልፎ አያውቅም።

ፈተናው በሚታደንበት ከፍታ ቢደረግ ይመረጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ሞላው የሚያምቀው አየር ያንሳል፣ በአንጻሩ ጥይቱን በመንገድ የሚይዘውም ይቀንሳል። ጣርማ በርን አልፎ ቆላ የወረደ ሰው ዒላማውን እንደገና ያስተካክል። በቁልቁለት ሲተኮስም ጥይቱ ከመስመሩ የሚወርደው በአግድሙ ርቀት ልክ ብቻ ነው፤ በ45 ዲግሪ ቁልቁል 30 ሜትር የሆነ ዒላማ እንደ 21 ሜትር ካልተቆጠረ ጥይቱ ከወፏ ራስ በላይ ያልፋል።

ከጥይቱም ሁለት ሦስት ዓይነት ትንሽ ትንሽ ገዝቶ የትኛው ከአፈሙዙ ጋር እንደሚስማማ ማየት ተገቢ ነው፤ አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው ይጠላዋል። የተመረጠውም በቆርቆሮው ይያዝ እንጂ በኪስ አይበተን፤ የእርሳስ ጥይቱ ጭራ በቀላሉ ስለሚጣመም ከ25 ሜትር ያርፍ የነበረው ጥይት በ15 ሜትር መሳት ይጀምራል።