ቤት ልትከራዩ ስትሉ ትኋኑን ቀድማችሁ ፈልጉ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ቤት ልትከራዩ ነው? ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት አብሩና የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የበሩን መቃንና የኮርኒሱን ጠርዝ እዩ። ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ኩስ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም አያታልላችሁ፤ ቀለም ትኋን አይገድልም።

ከገባችሁ በኋላ ካገኛችሁት ደግሞ ብቻችሁን አትርጩ። በአንድ ግቢ የተደረደሩ ክፍሎች ግድግዳ ይጋራሉ። እናንተ ጋ ሲረጭ ትኋኑ ጎረቤት ይገባል፣ ቆይቶ ይመለሳል። ለአከራዩ ንገሩና ግቢው በሙሉ በአንድ ቀን ይረጭ። መድኃኒቱ እንቁላሉን ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ ስለዚህ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ግድ ነው። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው።

አንሶላውን በፈላ ውኃ ዘፍዝፉ። የአልጋውን መጋጠሚያ ፈታታችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፣ ስፌቱ ውስጥ ይደበቃል። ስንጥቁን በጀሶ ድፈኑ።

አደራ፣ ለነቀዝ የሚሸጠውን ፎስቶክሲን መኝታ ቤት እንዳታስገቡ! ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ በስንጥቅ አልፎ ከግድግዳው ማዶ የተኛውንም ያገኛል።