የሚቆለፈው ብሩ ነው እንጂ ልጁ አይደለም

ክረምት ሲገባ የእኔ ሥራ ይቀየራል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ ተደፍቷል። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። በበጋ የሚመጣልኝ የተሰበረ ስክሪንና ቻርጅ የማይዝ ባትሪ ነው፤ በክረምት ግን "ብሬ የት ገባ?" የሚል ወላጅ ይጨመርበታል። ብሩ የሚገባው ልጁ የሚጫወተው የስልክ ጨዋታ ውስጥ ነው። ያው አንድ ዓይነት ስህተት ነው፣ ሰዉ ብቻ ይቀያየራል። ስለሰለቸኝ ልጻፈው አልኩ።

የሚስጥር ቁጥሩን ልጅ እንዲይዘው ማድረግ

ባለፈው ታህሳስ አንድ ሐጂ መጡ። ቡና ሸጠው ብሩን ስልካቸው ላይ አስቀምጠዋል። "ኧረ ልጄ፣ ይህ ስልክ ብር ይበላል" አሉኝ። የዝውውር ዝርዝሩን ከፍቼ ሳየው 100፣ 150፣ 100፣ 200። ሁሉም ማታ ማታ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር። ስደምረው ከ6,000 ብር አልፏል። ለካ ዓይናቸው ስለደከመ ብር የሚልክላቸው የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል፣ የሚመጣውን መልእክትም ወዲያው ያጠፋዋል።

ልጁ ሌባ ሆኖ አይደለም። ለስልክ ጨዋታው ዳይመንድ፣ ማለትም ጨዋታው ውስጥ የሚሠራ ገንዘብ ገዛ። ለእሱ 100 ብር ስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥር ነው፣ ጎንበስ ብሎ የለቀመው ቡና አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። የሚስጥር ቁጥሩን ዛሬውኑ ቀይሩ፤ የልደት ዓመት ግን አታድርጉት፣ እሱን ልጁ በሁለተኛው ሙከራ ያገኘዋል። ማንበብ ለሚቸግራቸው አረጋውያን የሚረዳቸው አዋቂ ሰው ይሁን። ትልቁን ብር ባንክ አስገቡትና ስልኩ ላይ የሳምንት ወጪ ብቻ ተዉ። ሂሳብ ስትፈትሹ ደግሞ መልእክቱን ሳይሆን የመተግበሪያውን የዝውውር ዝርዝር እዩ። መልእክት ይጠፋል፣ ዝርዝሩ አይጠፋም።

የጣት አሻራንም አትርሱ። "ስልኬን ቶሎ ቶሎ እንዲከፍትልኝ" ብላችሁ የልጁን አውራ ጣት አስመዝግባችኋል አይደል? ብዙ የክፍያ መተግበሪያዎች ስልኩ ላይ ያለውን አሻራ ሁሉ ይቀበላሉ፣ የማን ጣት እንደሆነ አይጠይቁም። ይህን እኔም በልጄ አድርጌዋለሁ። ስልክ ጠጋኝ ነኝ ባይ!

ፕሌይ ስቶርን ቆልፎ መተኛት

አንዳንዱ አባት ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ይመጣል። "ፕሌይ ስቶሩን ዝጋልኝ" ይለኛል። እዘጋለታለሁ። መቼቱ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ግዢ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ ማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ አድርጉት። የዕድሜ ገደቡ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚከለክለው ለዕድሜው ያልተፈቀደ ጨዋታ እንዳይወርድ እንጂ፣ የወረደው ጨዋታ ውስጥ መግዛትን አይደለም። ሁለቱን የማያምታታ ወላጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ዋናው ችግር ግን እኛ አገር ብሩ የሚወጣው በዚያ በር አለመሆኑ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ የሚሠራ የውጭ ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ልጆቻችን ዳይመንዱንም፣ ዩሲ የሚባለውን ሌላውን የጨዋታ ገንዘብም የሚገዙት ቴሌግራም ላይ ካለ ሻጭ ነው። በቴሌብር ይልካሉ፣ ካልሆነም የሞባይል ካርድ ሞልተው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የፊት በሩን ቆልፋችሁ የጓሮውን ክፍት ትታችሁታል።

ከሻጭ መግዛት ግድ ከሆነ እናንተ ግዙለት። ለመሙላት የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። "በርካሽ እሞላልሃለሁ፣ ፓስወርድህን ላክ" የሚል ካለ እሱ ቀይ ቀይዋን የሚያጫውት ሰው ነው። አካውንቱ ይወሰዳል፣ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይልም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኢሜይሉ ውስጥ ደግሞ የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ አለ። "ዕድሜህን ላረጋግጥ" ብሎ የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅም አጋጥሞኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ስሙ ለማይታወቅ የቴሌግራም ሻጭ ግን አዋጅ ምኑ ነው?

"ስፒኑ" ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ

ጨዋታው ውስጥ ልብስ መግዛትና ሳጥን መክፈት አንድ አይደሉም። ሳጥን ወይም ስፒን የሚባለው ከፍለህ ዕድልህን የምትሞክርበት ነው። ልጁ ለጨዋታ ገጸ ባሕሪው በታወቀ ዋጋ ልብስ ቢገዛ ያው ግዢ ነው። ከፍሎ ስፒን ሲያደርግ ግን ምን እንደሚወጣለት አያውቅም። ቶምቦላ ነው በሉት። ቶምቦላስ ዕጣው እስኪወጣ ታስጠብቃለች፣ ይህኛው በሦስት ሰከንድ ያልቅና "አንዴ ድገም" ይላል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚከፈቱ እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን ቁማር ናቸው ብላለች። አፕልም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የእያንዳንዱ ዕቃ የመውጣት ዕድል ስንት እንደሆነ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ፈልጉና ከልጁ ጋር አንብቡት። ብዙ ጊዜ ለሚፈልገው ዕቃ 1 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ከእኔ ምክር ይልቅ ያ ቁጥር ልጅን ያሳስበዋል።

ልጁን ገርፎ ማምጣትም አለ፣ እሱን ባላይ ደስ ይለኛል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2022 ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራውን ኤፒክ ጌምስን 245 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች እንዲመልስ ያደረገው፣ ስክሪን ላይ የሚጫኑት የጨዋታው ቁልፎች ሰዎች ሳያስቡት እንዲገዙ አድርገው ተሠርተዋል ብሎ ነው። አዋቂዎች ተሰብስበው ያጠመዱትን ወጥመድ የአሥር ዓመት ልጅ ለምን አላለፈውም ብላችሁ ትገርፉታላችሁ?

የመጣውን ኮድ ማንበብ

"አባዬ፣ አሁን የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ።" አባት ባጃጅ እየነዳ ነው፣ ስድስቱን ቁጥር ያነብለታል። በቃ፣ በአባትየው ስልክ ቁጥር የቤቲንግ አካውንት ተከፈተ። የልጁ ዕድሜ አይፈቅድም፣ የአባቱ ይፈቅዳል። ኮድ ለማንም አይነበብም፣ ለልጅም።

አቪዬተር የሚባለውን የአውሮፕላን ቁማር "ነጻውን ነው የሚጫወተው" የምትሉም አላችሁ። አውሮፕላኗ ትነሳለች፣ ያስያዝከውን ብር የሚያባዛው ቁጥር ያድጋል፣ ሳትጠፋ ብርህን ካወጣህ በላህ። ነጻው እጅ ማለማመጃ ነው። ከዚያ ቀጥሎ "መቼ እንደምትጠፋ የሚናገር" አፕ የሚሸጥለት ሰው ይመጣል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ የሚተነብይ አፕ የሚባል ነገርም የለም። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ያን አፕ ጫነና ስልኩ በቫይረስ ተሞልቶ መጣልኝ። አጽድቼ ስሰጠው የጠየቀኝ "አፑን ትተህልኛል?" ብሎ ነው።

ልጅን መሰለል

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በሳምንት ሁለት ሦስት ወላጅ ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የሚያወራውን ሁሉ የማይበት አፕ ጫንልኝ" ይለኛል። አልጭንም። ለምን እንደማልጭን አንዴ በደንብ ልናገር።

አንደኛ፣ እነዚህ አፖች ብዙዎቹ ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚወርዱ ናቸው። ስክሪን ላይ ያለውን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እሱ ማለት መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ ያለበትን ቦታ፣ ባንኩ የላከውን ኮድ፣ ሁሉንም ነው። ያ ሁሉ የማታውቁት አገር ያለ የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። 500 ብር እንዳይጠፋ ብላችሁ ልጃችሁን በሙሉ አስረከባችሁት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የጠፋው ብር ነው፣ እናንተ ግን የምታነቡት ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራውን ነው። ብሩ ከእናንተ ስልክ ነው የወጣው፣ የእሱን ስልክ ምን አስበረበራችሁ?

ሦስተኛውን በራሴ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ እያለ እንዲህ ያለ አፕ ጫንኩበት። ጎበዝ ነኝ ብዬ! በሁለት ቀን አወቀ። ምንም አላለኝም። ጨዋታውን ወደ ጓደኛው ስልክና ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት አዛወረው። ለአንድ ዓመት ያህል "ጋሼ" ብሎ ሰላም ከማለት ውጪ አንድ ወሬ አላወራኝም። ይቅርታ ጠይቄው እንኳ መልሶ ለማውራት ጊዜ ፈጅቶበታል።

አሁን የምናደርገው ቀላል ነው። በወር የተቆረጠ ብር አለው። ዳይመንዱን ከእኔ ስልክ እኔ እገዛለታለሁ፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ዋጋውን በብር ይነግረኛል። በዳይመንድ ሳይሆን በብር! የጨዋታው ገንዘብ የተፈጠረው ዋጋው እንዲረሳ ነውና። ከማን ጋር እንደሚጫወት አልጠይቀውም፣ ራሱ ያወራኛል።

የቀሩት ትናንሽ ናቸው። የልጁን ልደት አዋቂ አስመስላችሁ አታስመዝግቡ፣ የቁማር ማስታወቂያ የሚመጣለት አንዱ በዚያ ነው። "ተበላሁ፣ እርዱኝ" ብላችሁ የዝውውር ደረሰኝ ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉ ስማችሁንና ስልካችሁን ሸፍኑ፣ አለዚያ ሁለተኛው አጭበርባሪ በዚያው ማታ ይደውላል። ግዢው በፕሌይ ስቶር ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ተመላሽ ጠይቁ፣ ሳምንት ቆይታችሁ አትምጡ።

ሐጂ ብራቸውን አላገኙም። ሻጩ ቁጥሩን አጥፍቷል። አሁን የሚስጥር ቁጥሩን የምትይዝላቸው ትልቋ ልጃቸው ናት። የልጅ ልጃቸው መጫወቱን አልተወም፤ ባለፈው ሳምንት ስክሪኑን ሰብሮ መጣ።