ቤት ውስጥ ቆዳ ለመሥራት ቦታ ማዘጋጀት

ቤት ውስጥ የቦርሳና የቀበቶ ሥራ ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ቶሎ የሚጠይቁኝ ስለ ስፌት ማሽን ነው። እኔ ግን ከጠረጴዛው ጀምሩ እላለሁ። ያለ ማሽን በወስፌና በሁለት መርፌ ብዙ መሥራት ይቻላል፤ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አይቆረጥም።

ከፍታውን በራሳችሁ ክንድ ለኩት። ቆማችሁ ስትቆርጡ ጠረጴዛው ከክርናችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይመቻል። የምግብ ጠረጴዛ ለዚህ አጭር ነው፤ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ማታ ወገቡን ይዞ ነው የሚነሳው። ለስፌት ግን ቁጭ ስለምትሉ ይበቃል።

በመዶሻ ስትበሱ ከጠረጴዛው መሐል ሽሹ፤ መሐሉ ይነጥራል። ልክ እግሩ ባለበት አናት ላይ ከባድ የእምነበረድ ቁራጭ አስቀምጡ፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። ከላይም ሌላ ላስቲክ ይኑር፣ ያለዚያ መብሻው ድንጋዩን ነክቶ ይዶለዱማል። ጎረቤትም ያመሰግናችኋል።

ብርሃኑ ከማትቆርጡበት እጅ በኩል ይምጣ፤ በቀኝ ለምትሠሩ ከግራ ማለት ነው። አለበለዚያ የእጃችሁ ጥላ መስመሩን ይሸፍነዋል። የክር ቀለም ደግሞ በቢጫ አምፖል አትምረጡ፤ ማታ የገጠመ የመሰለው ቡናማ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ቤት ውስጥ አጥብቄ የምፈራው ማስቲሹን ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በበር ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ እሳት ካገኘም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ምድጃ፣ ሻማና ሲጋራ ባለበት አይከፈትም፤ ከፍ ያለች መስኮት ብቻዋንም አትበቃም፣ በሩም ይከፈት። እኔ የሚጣበቀውን ሁሉ አጠራቅሜ በረንዳ ላይ በአንድ ጊዜ እጨርሰዋለሁ። ሁለቱንም ገጽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ግን እዩ። ከዚያ ከአንድ ጫፍ እያስተካከላችሁ ግጠሙ፤ አንዴ ከተያያዘ ሳይጎዱ ማላቀቅ የለም። ጣሳው ወዲያው ተከድኖ ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ቆዳ ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ አይቀመጥም። ፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል፤ በዛፍ ቅርፊት የለፋው ደግሞ ፀሐይ ካየ ይጠቁራል፣ ያውም ከላዩ ዕቃ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነጥቶ ይቀራል። ከወጥ ቤትም አርቁት፤ ሽታ ይይዛል፣ ገዢ ደግሞ አዲስ ቦርሳ ሲከፍት አስቀድሞ ያሸታል።

የካርቶን ሞዴሎቻችሁን በስታችሁ ግድግዳ ላይ በሚስማር ስቀሉ። እያንዳንዱ ላይ ቀኑን፣ የሚፈጀውን ቆዳና የሥራውን ሰዓት ጻፉበት፤ ዋጋ ስትተምኑ ከግምት ያድናችኋል። ሞዴሉን ስታሻሽሉ አሮጌውን ቅደዱት። ጎን ለጎን ከተሰቀሉ አንድ ቀን ጥሩው ቆዳ በአሮጌው መቆረጡ አይቀርም።